የቴስታታ ፖርት ሳሰፋ ጋይዱን ምን ያህል እንደምቆርጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ፖርት (በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን ውስጥ ያለውን የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ቦይ) ማሰፋት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጋይዱ (የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ከፖርቱ ግድግዳ እኩል ተቆርጦ እንዲጠፋለት ይጠይቃል። እኔ የማሳጥረው የመግቢያውን ብቻ ነው፤ የጭስ መውጫውን ርዝመት አልነካም። የሠራሁት የቶዮታ ፎር ኤ ጂ ኢ ቴስታታ ላይ ነው፤ 16 ቫልቭ፣ የቫልቭ ግንዱ 6 ሚሊ፣ የጋይዱ ውጭ 11 ሚሊ።

የጭስ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በሁለት መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ሲቱ (ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍበት ቀለበት) ላይ ሲቀመጥ፣ የቀረውን በግንዱና በጋይዱ አልፎ ወደ ቴስታታው ውሃ። ጋይዱ ባጠረ ቁጥር ግንዱ ለትኩሱ ጭስ ይጋለጣል፣ ካርቦን ይይዛል፣ ውሎ አድሮ ይጣበቃል። በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ የተጣበቀ ቫልቭ ደግሞ ፒስቶን ሊመታው ይችላል። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቫልቩን በቀጥታ ከላይ ስለሚገፋው የጎን ጫናው ትንሽ ነው፤ መግቢያውን ለማሳጠር የደፈርኩትም ለዚህ ነው። ሮከር አርም (ቫልቩን እየተወዛወዘ የሚገፋ ክንድ) ባለው በድሮው ኮሮላ ላይ አላደርገውም።

አሮጌውን ጋይድ ከማውጣቴ በፊት ከቴስታታው በላይ የወጣውን ቁመት እለካለሁ፤ አዲሱ የሚገባው በዚያው ልክ ነው። ፖርቱ ውስጥ ያለውን ጫፍ ከካርቦን አጸዳለሁ፤ አለዚያ ሲወጣ ቀዳዳውን እየጫረ ይሄዳል። ከዚያ ቴስታታው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ መሞቅ አለበት። እዚህ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግማሽ በርሜል የፈላ ውሃ ያለ ቴርሞሜትር ትክክለኛውን ሙቀት ይሰጣል፤ እንደ ጋዝ እሳት አንዱን ጎን ብቻ አግሎ ቴስታታ አያጣምምም። 11 ሚሊው ቀዳዳ በዚህ ሙቀት ወደ 0.02 ሚሊ ይሰፋል፤ ጋይዱ ከቀዳዳው በልጦ የተጨነቀው በመቶኛ ሚሊዎች ስለሆነ ልዩነቱ መዶሻው ላይ ይታወቃል። አዲሱን ጋይድ የኅዳር ውርጭ ላይ አሳድሩት የሚሉ አሉ። ብረቱ የሚኮማተረው 0.002 ሚሊ ገደማ ብቻ ነውና ድካሙ አያዋጣም።

ፖርቱን የማሰፋው ጋይዶቹ ወጥተው ሳለ ነው። ጋይዱን የሚይዘውን የአሉሚኒየም እብጠት ከጎንና ከጎን በካርባይድ ቢት አቀጥነዋለሁ፤ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ግን ርዝመቱን ትቼ እንደ ማረሻ ጫፍ አሾለዋለሁ። በጋይዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቢያንስ 2 ሚሊ አሉሚኒየም ይቀራል። ማጠናቀቂያው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ መስታወት እስኪመስል መወልወል ጊዜ ማባከን ነው።

አዲሱ የመግቢያ ጋይድ ቶርኖ ላይ 3 ሚሊ ያጥራል፤ የመጨረሻው 8 ሚሊ ከ11 ወደ 8.5 እየሾለ ይወርዳል። ጫፉ ላይ 1.25 ሚሊ ውፍረት ይቀራል። ከ1 ሚሊ ካነሰ የቶርኖው መንጋጋ ያሞላልለዋል፣ ጫፉም ቶሎ ተበልቶ ይሰፋል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ36 ሚሊ፣ ማለትም ከግንዱ ውፍረት 6 እጥፍ፣ በታች የሚወርድ ከሆነ ማሳጠሩን ትቼ ማሾሉን ብቻ እሠራለሁ። የውስጥ ከንፈሩ በሁለቱም ላይ ስለታም ሆኖ ይቆያል፤ ካርቦኑን ከግንዱ ላይ የሚፍቀው እሱ ነው። ከገበያ በተገዛ ተራ የናስ ዘንግ ጋይድ ማስቀረጽን አልመክርም።

ጋይዱ ከገባ በኋላ ሪመር (ቀዳዳውን በልኩ የሚያሰፋ መቁረጫ)። ዘይት ተቀብቶ ሲገባም ሲወጣም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ከዞረ ጠርዙ ይደነዝዛል፣ ቀዳዳውም ይቧጨራል። በግንዱና በጋይዱ መካከል የፋብሪካው ክፍተት ለመግቢያ ከ0.025 እስከ 0.060፣ ለጭስ ከ0.030 እስከ 0.065 ሚሊ ነው። እኔ መግቢያውን 0.035፣ ጭሱን 0.050 አካባቢ አደርጋለሁ። ሲቱ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው፣ በ45 ዲግሪ፣ ስፋቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊ። መቁረጫው ማዕከሉን የሚያገኘው ከጋይዱ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቫልቩ በአንድ ጎን ብቻ ይቀመጣል። ካምሻፍቱ የተቀየረ ከሆነ ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት በስፕሪንጉ ቆብና በሲሉ (ዘይት እንዳያልፍ ጋይዱ ጫፍ ላይ በሚቀመጠው ጎማ) መካከል ከ1 ሚሊ ያላነሰ ክፍት መኖሩን አያለሁ።

ለፍተሻ የጣርማ በር ቁልቁለት ይበቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ነዳጅ ሳይረገጥ በማርሽ ሲወረድ መግቢያው ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይት በጋይዱ በኩል ይጎትታል። ታች ደርሶ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ካለ የመግቢያው ሲል ወይም ጋይድ ነው። ሽቅብ ሲመለስ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ቴስታታውን ትቼ የፒስቶን ሪንጉን እጠረጥራለሁ።