ቁልፉን ውስጥ ጥዬ በሩን ዘጋሁት

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። እሳቸው በዚህ ሰዓት ከደወሉ ሰው ሞቷል ማለት ስለሆነ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ዛሬ ምን ነካው? ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፍትም።»

«ጋሼ፣ ኔትወርክ ይሆናል፤ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩት» አልኳቸው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህች መልስ ሁሌም ከኪሱ አትጠፋም፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነች።

የወር መዋጮ የሚሰበሰበው 4 ሰዓት ላይ ነው። ማን እንደከፈለ፣ ማን የስንት ወር እንዳለበት የሚያሳየው ዝርዝር እኔ የሠራሁት ድረ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ ድረ ገጹ ደግሞ ፍራንክፈርት ውስጥ በወር እየከፈልኩ የተከራየኋት ትንሽዬ የክላውድ ሰርቨር ላይ። ላፕቶፑን ከፍቼ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኜ በማዝዝበት መንገድ፣ ልግባ ብል ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ምንም አይመጣም። ከሁለት ደቂቃ በላይ ጠብቄ «ታይምድ አውት»፣ መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለቀ፣ አለኝ። ዋይፋዩን ዘግቼ በስልኬ ዳታ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ፍራንክፈርት ያለችውን እህቴን ከሌሊት ተረኛ ስትወጣ አገኘኋት፤ ሊንኩን ላኩላት። «እዚህም አይከፍትም፤ በቃ ልተኛ?» አለችኝ። ሰርቨሩ ካለበት ከተማ ሆና ካልከፈተላት እንግዲህ የእኛን ኔትወርክ መርገም አልችልም።

ቀጥሎ ያደረግሁት የሚያሳፍር ነው። ወደ ኪራይ ድርጅቱ መቆጣጠሪያ ገጽ ገብቼ ሪስታርት አልኩት። አልሠራም። ደገምኩት። ሦስተኛም ጨመርኩ። እንደተበላሸ ቴሌቪዥን ጎኑን በጥፊ መምታት ማለት ነው። ሜሞሪው ሞልቶ ወይም አንድ ፕሮግራም ታንቆ ቢሆን ኖሮ በእጄ ማስረጃውን አጥፍቼዋለሁ።

ቡና ካፈላሁ በኋላ ነው አእምሮዬ የተመለሰው። ፒንግ አደረግሁት፣ «አለህ?» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ መለሰ! ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል እንጂ አንድም ሳይጥል ይመልሳል። አለ ማለት ነው። በሕይወት ያለ፣ ኔትወርክ ያለው፣ ግን እኔን የማያናግር ማሽን። ደጋግሞ ፓስወርድ የሚሳሳትን አድራሻ የሚያግደውን ፌይልቱባን የሚባል ፕሮግራም ጭኜበት ቢሆን ኖሮ አድራሻዬን አግዶብኝ ይሆናል እል ነበር፤ ግን አልጫንኩም፤ ደግሞም እህቴን በምን ጥፋቷ ያግዳታል?

ከዚያ ማታ የሠራሁት ትዝ አለኝ። የኤስኤስኤችን ፖርት፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የሚገባበትን የበር ቁጥር፣ ከ22 ወደ 2222 ቀይሬ ነበር። ላፕቶፑ ደግሞ ይህንኑ አዲሱን ቁጥር ነው ሲሞክር የቆየው። እስቲ በአሮጌው ብዬ 22ን ሞከርኩ። ገና ሳልጨርስ መልስ መጣ፦ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ»፣ ግንኙነቱ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚህ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ሁለቱንም «እምቢ አለ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ግን በጣም ይለያያሉ። ቀበሌ የሄደ ሰው ይገባዋል። ፖርት 22 ላይ ዘበኛው «ግባ» ብሎ አሳልፎኛል፤ ቢሮው ድረስ ሄጄ ሳንኳኳ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ወዲያው «እዚህ ማንም የለም» ይለኛል። ፖርት 2222 ላይ ግን ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው፤ ዘበኛው ነው አጥር ላይ ያቆመኝ፤ እሺም አይል፣ እምቢም አይል፣ ዝም ብሎ አሻግሮ ያያል። ስለዚህ ሪፊዩዝድ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ያናገረኝ አለ።

ለምን ፖርት ቀየርኩ? ቅዳሜ ማታ ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍቼ ሳይ ከየት እንደሆኑ የማላውቃቸው አድራሻዎች «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያሉ በየሰከንዱ ፓስወርድ ሲገምቱ አየሁ። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ሰርቨር ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው፤ እኔ የምገባው በቁልፍ ፋይል ስለሆነ ፓስወርድ ገምተው አይገቡም። ግን ሌሊት ላይ ሰው ይፈራል። ፖርቱን ቀየርኩ፣ ከዚያ ሰርቨሩ የሚሠራበት ሲስተም የኡቡንቱ ነውና ዩኤፍደብሊው የሚባለውን ፋየርዎሉን፣ ያንን አጥር ላይ ያቆመኝን ዘበኛ፣ «ኦፕንኤስኤስኤች ይግባ» ብዬ አበራሁት። የኤስኤስኤች ግንኙነትህ ሊቋረጥ ይችላል፣ ትቀጥላለህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ዋይ (አዎ) ብዬ ኢንተር መታሁ።

ጉዱ ያለው ስሙ ላይ ነው። «ኦፕንኤስኤስኤች» የሚለው ፈቃድ የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ የሄደበት ሁሉ የሚከተል መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ፋይል ውስጥ የተጻፈች ደረቅ ቁጥር ነች፦ 22። ፕሮግራሙ ወደ 2222 ቤት ሲቀይር ፈቃዱ አሮጌው ቤት ቀረ። ድረ ገጹ የሚሠራባቸውን 80 እና 443 ጭራሽ አላሰብኳቸውም። ይህን ሁሉ ስሠራ ቀድሜ በኤስኤስኤች የገባሁባት መስኮት ንቅንቅ አላለችም፤ ምክንያቱም ፋየርዎሉ ቀድሞ የገባን አያስወጣም፣ አዲስ መጪን ነው የሚያግደው። «ይሠራል» ብዬ ላፕቶፑን ከድኜ ተኛሁ። ፒንግም ቢሆን ዩኤፍደብሊው ሳይነገረው የሚያሳልፈው ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ሲመልስልኝ የነበረው። ሪስታርቱም አልረዳኝም፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፋየርዎሉም አብሮ ይነሳል። አሮጌዋን መስኮት ሳልዘጋ በሌላ መስኮት አንዴ ገብቼ ብሞክር ኖሮ እሁዴን ተኝቼ አሳልፋት ነበር።

የቀረኝ ኮንሶሉ ነው። ከመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የሚከፈት፣ በኔትወርክ በር ሳይሆን ልክ ስክሪንና ኪቦርድ ሰርቨሩ ላይ እንደሰካ ሰው የሚያስገባ መስኮት። ፓስወርድ ግን አልነበረኝም፤ አዲስ አስወጣሁ። 20 ፊደል የተዘበራረቀ ነገር ሰጠኝ፤ ኮፒ ፔስት ደግሞ የለም። ትልቁን አይና ትንሿን ኤል ለመለየት ስልኬን ዓይኔ ላይ ለጥፌ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በአራተኛው ገባሁ።

ሎጉን ሳገላብጥ ፋየርዎሉ የበራው 20:40 ላይ ይላል። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚቆጥረው፤ በእኛ የምሽት 5 ሰዓት ከ40። እኔ የማውቀው አቋራጭ አለ፦ በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ስትጨምር የሰርቨሩ ሰዓት ይመጣል፤ 5፡40 8፡40 ይሆናል፣ የማታ ስለሆነ 20፡40። ሰዓቱ ልክ እኔ «ይሠራል» ብዬ የተኛሁበት ነው። ከእኔ ሌላ የምከሰው ሰው አላገኘሁም።

2222ን፣ 80ን፣ 443ን ፈቀድኩ፤ አሮጌውን ፈቃድ ሰረዝኩ። ከላፕቶፔ በአንድ ጊዜ ገባሁ። ሰዓቱ ለ4 አሥር ጉዳይ ነበር።

እድሩ ድንኳን ስደርስ 4 ሰዓት ከ25 ሆኗል። ጸሐፊው ጠረጴዛቸው ላይ ያንን ጠርዙ የተበላ ትልቁን መዝገብ ዘርግተው መዋጮ እየተቀበሉ ነው፤ ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ድርብ ሥራ ነው» እያልኩ የነዘነዝኳቸውን መዝገብ።

«ጋሼ፣ ተሠርቷል፤ አሁን ይከፍታል» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉኝ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ስሜን ፈልገው አገኙና ከጎኑ የማርፈጃ ቅጣቴን ጻፉ፤ 20 ብር። ማታ ቤት ገብቼ ሲስተሙ ላይ ያስገባኋት የመጀመሪያዋ መስመር እሷ ነች።