ቁስል ሲሽር የቆዳ ህዋሳትን የሚያዛቸው ማን ነው?

ቆዳ ሲቆረጥ ደሙን የሚያረጉት ፕላትሌቶች ሥራቸው በዚያ አያበቃም። በውስጣቸው አከማችተው የያዟቸውን ፒዲጂኤፍና ቲጂኤፍ ቤታ የተባሉ ፕሮቲኖች ወደ ቁስሉ በመልቀቅ፣ ቆሻሻና ባክቴሪያ የሚያጸዱ ነጭ የደም ህዋሳትንና ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሚሠሩትን ፋይብሮብላስቶች ወደ ስፍራው ይጠራሉ። እነዚህና መሰሎቻቸው የእድገት ፋክተሮች ይባላሉ። አንዱ ፋክተር አንዱን ህዋስ እንዲባዛ፣ ሌላውን እንዲጓዝ ሊያደርገው ይችላል፤ ምላሹ የሚወሰነው ህዋሱ ባለው ተቀባይ፣ ማለትም ፋክተሩን በሚይዝበት ፕሮቲን፣ እና ባለበት ሁኔታ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚሆነው ነው። የላይኛውን ቆዳ የሚሠሩት ኬራቲኖሳይቶች በደኅናው ጊዜ ከሥራቸው ካለው ስስ ሽፋንና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይኖራሉ። ኢጂኤፍ የተባለው የእድገት ፋክተርና ከፋይብሮብላስቶች የሚመጣው ሌላው ፋክተር ኬጂኤፍ ሲደርሷቸው ግን ማያያዣቸውን ያላላሉ፣ ጠፍጠፍ ይላሉ፣ ከዚያም ባዶውን ስፍራ ለመሸፈን ወደ ፊት ይሳባሉ፤ ከኋላቸው ያሉት ደግሞ እየተባዙ የጎደለውን ይተካሉ። ኢጂኤፍን ባዮኬሚስቱ ስታንሊ ኮኸን ያገኘው ከአይጥ የምራቅ እጢ የወሰደውን ንጥር አዲስ ለተወለዱ አይጦች ሲወጋ ዓይናቸው ከጊዜው ቀድሞ መከፈቱን ተመልክቶ ነው፤ ለዚህም በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

«ቁስሉ አየር ያግኝና ይድረቅ» የሚለውን ምክር የማልደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ኬራቲኖሳይቶች ከቅርፊቱ ሥር እርጥበት ወዳለበት ወርደው ለመጓዝ ይገደዳሉ፤ ፋክተሮቹን የያዘው ፈሳሽም አብሮ ይደርቃል። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 (እ.ኤ.አ.) በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ተሸፍነው እርጥበታቸውን የጠበቁ ቁስሎች ለአየር ከተጋለጡት በእጥፍ ገደማ ፈጥነው አዲስ ቆዳ አብቅለዋል። በእርግጥ ይህ የሚሠራው ለንጹሕ ቁስል ነው፤ መግል የያዘን ቁስል ሸፍኖ መተው ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ትእዛዙ በጊዜው ማቆሙም የመጀመሩን ያህል ያስፈልጋል። ቲጂኤፍ ቤታ ፋይብሮብላስቶችን ቁስሉን ጎትተው ወደሚያጠብቡ ህዋሳት ይለውጣል፣ ኮላጅንም ያስመርታል፤ ሥራው ሲያልቅ እነዚህ ህዋሳት መሞት አለባቸው። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት በሚታየው ኬሎይድ በተባለው አብጦ የሚወጣ ጠባሳ ግን የቲጂኤፍ ቤታ ምልክት ጸንቶ ይቆያል፣ ኮላጅኑም ከቁስሉ ወሰን አልፎ ያድጋል።

በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ለወራት ባልሸረ ቁስል ውስጥ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ስለሚበዙ ፋክተሮቹ ተቀባዮቻቸው ዘንድ ሳይደርሱ ይቆራረጣሉ፤ ህዋሳቱም ቢደርሳቸው እንኳ ምላሻቸው ይደክማል። በላቦራቶሪ የተመረተ ፒዲጂኤፍ የያዘው ቤካፕለርሚን የተባለ ቅባት በ1997 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲፈቀድ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በአንድ ትልቅ ሙከራ ቅባቱን ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ በ20 ሳምንት ውስጥ ቁስላቸው ሲዘጋ፣ ፋክተር የሌለውን ቅባት ከተቀቡት ግን 35 በመቶው ድነዋል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ እግሩን ከክብደት ማሳረፍና የደም ዝውውሩን መመርመር ካልቀደሙ ውድ ቅባት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ።