ፕሮጀክተር ፍለጋ

ዛሬ ከወንድሜ ጋር ስታዲየም አካባቢ ፕሮጀክተር ስንፈልግ ዋልን። ለእማዬ ሳሎን ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ኳስ የሚያየው እዚያ ነው።

አንዱ ሱቅ ካርቶኑ ላይ «9000 ሉመን» የሚል አሳየን፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ዋጋው ደስ ይላል። መጋረጃው ሲከፈት ግን ምስሉ ጠፋ። መታየት ያለበት «አንሲ ሉመን» የሚለው፣ በወጥ ደንብ የተለካው ቁጥር ነው። «1080 ይቀበላል» (ቁጥሩ የምስሉ የነጥብ መስመሮች ብዛት ነው) ተብሎ መጻፉም 1080 ያሳያል ማለት አይደለም፤ የራሱ ጥራት 480 ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያውቅ ብሩን የሚከፍለውን ሰው ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

ለቢሮ ቢሆን፣ መብራት እየበራ ስለሚታይ፣ ከ3000 አንሲ በታች አልገዛም ነበር። ለሳሎን አነስ ያለው ይበቃናል።

ርቀቱንም ለክተናል። 2 ሜትር ስፋት ላለው ምስል የመረጥነው ፕሮጀክተር ከግድግዳው 3 ሜትር መራቅ አለበት። ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፍ 10 ሜትር የኤችዲኤምአይ ገመድ ጨመርን። ስክሪኑ ይቆይ፤ ወንድሜ ነገ ግድግዳውን ነጭ ይቀባል።