ጂ ፕላስ 3 ጣና ውስጥ

ስለ ጣና ከ8ኛ ክፍል ልጆቼ ጋር ያዘጋጀነውን ማስታወሻ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሌላ ትምህርት ቤት ያለ መምህር ለራሱ ክፍል አስተካክሎ እያስተማረበት ነው። ጉራ ነው፤ ቻሉኝ።

አጀማመሩን ላሳጥረው። ድሮ ፒዲኤፍ ሠርቼ በቴሌግራም እለቅ ነበር። ልጆቹ ያነባሉ፣ አለቀ። ዘንድሮ አብረን እንጻፈው ተባባልን። ፋይሉ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የጽሕፈት ሶፍትዌር የሚከፈት፣ ፈቃዱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ። ስማችንን ይጥቀስ እንጂ ማንም ይቀይረው።

መከራዬ የድሮው ጽሑፍ ነበር። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ፣ በድሮ ፎንት ነው የተየብኩት። ልጆቹ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። «ቲቸር፣ ቫይረስ ነው» ያለኝም አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛውም የለም። ፒዲኤፍ ሳደርገው ፎንቱ አብሮ ስለሚታሸግ ጉዱ ተደብቆ ኖሯል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ ኮድ) ለግዕዝ ፊደል የራሱን ኮድ ከሰጠ እኮ ቆይቷል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ግን እስከ አምና ሙጭጭ ብዬ ነበር። እጄ ስለለመደው ብቻ።

መቀየሪያ ሶፍትዌር ሞከርኩ፤ ሠንጠረዦቹን አመሰቃቀለብኝ። በመጨረሻ ገጾቹን ለልጆቹ አከፋፈልኩ። በስልክ ሲተይቡ እኔ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እነሱ ሦስት። ደግሞ ዝም ብለው አልገለበጡም። የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው የሚለው ላይ አንዷ «ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ያህል» ብላ ጨመረች። አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ልጅ ደግሞ የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ አውጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚያደርቁት ጻፈ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ያልነገርኳቸው ነገር! እንቦጭ በ2011 ታየ የሚለው ላይ ግን ተጣሉ። ግማሾቹ በእኛ አቆጣጠር መስሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ብዬ ያልጻፍኩት እኔው ነኝ።

ፒዲኤፍ ለፈተና ወረቀት ይሁን፤ ለማስታወሻ አልወደውም።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ በሆሄያት ተስማሙ። የእኛ ፋይል ውስጥ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ ሁሉም አለ። አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን ይዘለዋል። «በሐመሩ ሐ ጻፉ» ብዬ አወጅኩ፤ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ራሴ «ሀይቅ» ጽፌ ሳቁብኝ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ እኔ እተይባለሁ ብዬ ወስጄ ነበር። እስካሁን በፓወር ግዕዝ ነው።