ከሽቦው በፊት መታከም የነበረበት ድዴ

የተደራረቡ የፊት ጥርሶቼን በብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ በሚታሰር ሽቦ፣ ለማስተካከል የወሰንኩት በ36 ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ድዴን ሳይመረምር ሽቦውን አሰረልኝ፤ እኔም ጥርሴን ስቦርሽ ለዓመታት የሚታየኝን ደም ከበሽታ ስላልቆጠርኩት አልተናገርኩም። በአራተኛው ወር ከታች የፊት ጥርሶቼ የአንዱ ድድ ሸሽቶ ቢጫው ሥር ብቅ አለ፤ በምላሴ ገፋ ሳደርገውም ይነቃነቅ ጀመር።

ሁለተኛዋ ሐኪም ራጁን አይተው፣ «ጥርስዎ እኮ አጥንቱ ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም፤ በጅማት ተንጠልጥሎ ነው ያለው» አሉኝ። በጥርሱ ሥርና በመንጋጋው አጥንት መካከል ያለው ይህ ጅማት ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል፤ በተጨመቀበት በኩል አጥንት የሚያሟሙ ሴሎች መንገድ ሲከፍቱ፣ በተወጠረበት በኩል ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ግፊቱ ሲበረታ ግን የጅማቱ ደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ የተጨመቀው ክፍል ይሞታል፤ ጥርሱም ሴሎቹ አጥንቱን ከጀርባ በኩል ሰርስረው እስኪደርሱለት ድረስ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ በየቀጠሮው «ጠበቅ ይበልልኝ» ስል የከረምኩት እኔው ነበርኩና።

ሕክምናውን ከሥሩ ጀመርነው። ሽቦው ተፈታ፣ ከድዴ በታች የተጋገረው ቆሻሻ ተፋቀ፣ ከዚያም ሦስት ወር ጠበቅን። በየማታው ማጉያ መስታወት ፊት ቆሜ ቀጭኗን ብሩሽ በየጥርሶቼ መካከል አሳልፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ብሩሿ ቀይ ሆና ትወጣ ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት ንጹሕ ሆና ስትወጣ፣ አብጦ ያብረቀርቅ የነበረው ድዴም ሟሽሾ ጠንከር ብሎ ነበር። ሐኪሟ ሽቦውን መልሰው ያሰሩት በድዴና በጥርሶቼ መካከል ያለውን ክፍተት ጥልቀት በመለኪያ ዘንግ ለክተው፣ መድማቱ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ነው። አጥንቴ በድድ በሽታው ስለቀነሰ ቀጭን ሽቦና ለስላሳ ግፊት መረጡልኝ፤ ጥርሶቼም በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዙ፣ በየሦስት ወሩ እየታጠቡ፣ በ22 ወር ቦታቸውን ያዙ። የሸሸው ድድ ግን በራሱ አልተመለሰም። አጥንቱ ከተበላበት ድድ ላይ ሽቦ ማሰር ጉዳቱን ሊያፋጥነው እንደሚችል አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ያን ድድ ባላጣሁት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ብሬስ ሊያስደርግ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ድዱን እንዲያስለካ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሽቦው ሲፈታ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው ጅማት በሦስትና አራት ወር ራሱን ቢያደራጅም፣ በጥርሱ አንገት ዙሪያ ድዱን የሚይዙት ተለጣጭ ክሮች እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንደተወጠሩ ስለሚቆዩ፣ በተለይ ዞሮ የነበረን ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው ይጎትቱታል። በሁለተኛው ወር ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ስሄድ ሪቴይነሬን፣ ማለትም ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ የሚይዘውን ተወላቂ መሣሪያ፣ ረስቼ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሪቴይነሩ በሌሎቹ ላይ ልክ ሲገባ፣ ቀድሞ ዞሮ በነበረው በግራው የላይኛው የፊት ጥርሴ ላይ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በጣቴ ተጭኜ አስገብቼው ሦስት ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ አደረ። አሁን ሻንጣ ሳዘጋጅ ከልብሴ በፊት የሚገባው የሪቴይነሩ ሳጥን ነው።