ከጭልጋ እስከ ኦሞ በ1:20፦ የጠፉ እንስሳት ሞዴል ስብስብ፣ እስካሁን የደረሰበት

የስብስቡ ደንብ አንድ ነው፦ ቅሪቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተገኘ እንስሳ መደርደሪያው ላይ አይወጣም። ቲሬክስ የለም፣ ፀጉራሙ የሰሜን ማሞዝም የለም። ደንቡ ኪስን ያተርፋል፤ በሌላ በኩል ግን ፋብሪካ ሞዴል ሠርቶለት የማያውቅ እንስሳ ይበዛበታል። ያንን በእጅ መሥራት ግድ ነው።

ዝርዝሩ ይኸው። ከጎንደር አጠገብ ካለችው ጭልጋ፣ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ደለል፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ትልልቅ ቀንድ ያለው አርሲኖይቴሪየም ጊጋንቲየምና የዴይኖቴሪየም ጥንታዊ ዘመድ የሆነው ቺልጋቴሪየም፤ ሁለቱም ስማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከሐዳርና ከኦሞ የዝሆን ወገን የሆነው ዴይኖቴሪየም ቦዛሲና የቀጭኔ ወገን የሆነው ሲቫቴሪየም። ከኦሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሰየመው ኤንሃይድሪዮዶን ኦሞኤንሲስ፣ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝን እንደነበር የተገመተ፣ አንበሳ የሚያክል ኦተር (የዛሬዎቹ ኦተሮች ውሃ ዳር የሚኖሩ ትንንሽ ሥጋ በሎች ናቸው)። ቺልጋቴሪየም የሚታወቀው በጥርሱ ነው። ከጥርስ ተነስቶ ሙሉ አካል መቅረጽ ልብ ወለድ ስለሆነ ቦታው ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ብቻ ተቀምጧል፣ እንስሳ የለም። የማይስማማ ይኖራል፤ ይሁን።

ስኬል ላይ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው እንስሳ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ላይ (1:20 ማለት 20 ጊዜ)፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የእንስሳውን የትከሻ ቁመት በሴንቲሜትር ወስዶ ለስኬሉ ማካፈል። 4 ሜትር የሚቆም ዴይኖቴሪየም በ1:20 20 ሴንቲሜትር ይመጣል፣ በ1:35 ግን 11.4 ብቻ። የእንስሳት ሞዴል አምራቹ ኮሌክትኤ ዴይኖቴሪየምን በ1:20 አውጥቷል፣ ሌላው አምራች ኢኦፋውና ደግሞ በ1:35። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን እናትና ግልገል ይመስላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንዱን ስኬል መርጦ መጽናት ነው። 1:20 የተመረጠው ለድንቅነሽ ሲባል ነው፤ 1.1 ሜትር ገደማ የነበረችው በዚህ ስኬል 5.5 ሴንቲሜትር ትሆናለች፣ ፊቷም ይታያል። በ1:35 ብትሠራ 3 ሴንቲሜትር ናት፤ ከፊት ይልቅ ክብሪት ራስ ነው የሚሆነው።

ሻጮች የሚጽፉት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ርዝመት ነው፣ ያውም ከጅራትና ከኩምቢ ጋር። ለስኬል አይሆንም። ከማስመሪያ ጋር በጎን የተነሳ ፎቶ ጠይቁና ከመሬት እስከ ትከሻ ለኩ። ሆዱንም አስገልብጡ፤ የአምራቹ ስም፣ ዓመትና የእንስሳው ስም ተቀርጾ ከሌለ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የዴይኖቴሪየም ጥርስ የሚወጣው ከታችኛው መንጋጋ ነው፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ከላይ ምንም የለም። እንደ ዝሆን ከላይ ጥርስ ያበቀለ «ዴይኖቴሪየም» ካያችሁ በነፃም አትውሰዱት።

አሁን ዋናው ሥራ አርሲኖይቴሪየም ላይ ነው። መነሻው የአሻንጉሊት አውራሪስ ነው፣ ምክንያቱም መጠኑ ይገጥማል። የግብፁ ዘመዱ አርሲኖይቴሪየም ዚተሊ ትከሻው 1.75 ሜትር ገደማ ነበር፣ በ1:20 8.75 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። የጭልጋው ከዚያ ስለሚበልጥ ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚቆም አውራሪስ ፈልጉ፤ አንገቱ ላይ ጉብታ የሌለው፣ ቆዳው እንደ ጥሩር ያልተደራረበ። መልኩ ቢያታልልም አርሲኖይቴሪየም የዝሆንና የሽኮኮ ወገን እንጂ የአውራሪስ ዘመድ አይደለም፤ የሚለወጠውም ሁሉ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በለብታ ውሃና በላርጎ አጥቡት፣ ይድረቅ። ጭንቅላቱን አንድ ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩና ቀንዶቹን በከተር ከሥራቸው ቁረጡ፤ ሲሞቅ ፕላስቲኩ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ቀዝቃዛውን ከታገላችሁት ግን ከተሩ ይንሸራተትና ጣት ላይ ያርፋል። አፍንጫው ላይ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ 1.5 ሴንቲሜትር የሚጠልቁ ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ብሱ፣ ሽቦ አስገብታችሁ በሱፐር ግሉ አጣብቁ። የአውራሪስ ቀንድ አንዱ ከሌላው ኋላ ነው፤ የዚህ ግን ሁለቱ ትልልቅ ቀንዶች ጎን ለጎን ናቸው፣ ከሥራቸው ይነካካሉ፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲወጡ ይራራቃሉ። ሽቦው ላይ ፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ከላዩ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሚሆን ኤፖክሲ ስቱኮ አልብሱት። ሙሉውን በስቱኮ የሠራ ሰው እንስሳው በአፍንጫው ሲደፋበት ያያል። የእውነተኛው ቀንድ ውስጡ ባዶ ስለነበር ፎይሉ ማጭበርበር አይደለም!

ስቱኮው ሁለቱ ክፍሎች እኩል ለእኩል ሆነው፣ ዥጉርጉሩ ጠፍቶ አንድ ቀለም እስኪሆን ይታሻል። መስመር መስመር እያለ ከተለጠፈ ያ ቦታ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ሲጠነክር በመርፌ ቀንዱን ተከትላችሁ ቀጫጭን ቦዮች አውጡ፤ አጥንቱ ላይ የደም ሥር መንገዶች አሉና። ከትልልቆቹ ኋላ፣ ከዓይን በላይ፣ 3 ሚሊሜትር የሚሆኑ ሁለት ጉብታዎች ይጨመራሉ። እግሩ ላይ የአውራሪሱን ሦስት ጣት ሙሉበትና እንደ ዝሆን ድፍን አድርጋችሁ አምስት ጥፍር ቅረጹ። ለ24 ሰዓት አትንኩት፤ በክረምት ብርድ ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል።

ብዙ የተበላሸው እግሩ ላይ ነው። ስቱኮ አሻንጉሊቱ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ለስላሳ ፒቪሲ፣ ላይ አይነክስም፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ያስፈልጋል። ከተሻከረም በኋላ እግሩ የሚተጣጠፍ ከሆነ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ስለዚህ ከስቱኮው በፊት ከመርገጫው ወደ ጉልበት ብሱና ሽቦ አስገቡ።

የተጣመመ እግር የሚቃናው በሙቅ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ከምድጃ አውርዶ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ንከሩ፣ አቃኑ፣ እንደያዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩ። ካርቶን ውስጥ ተጨቁኖ የተጣመመ ከሆነ ሲሞቅ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጹ ትኩሱን ሲወጣ የተጣመመው ግን «ቀድሞው» ራሱ ጠማማ ነው፤ ታቃኑታላችሁ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። መድኃኒቱ ያው ሽቦ ነው። የድሮዎቹ የፈረንሳይ ስታርሉክስ አሻንጉሊቶች ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆኑ ሙቅ ውሃም ማጣመምም አይወዱም፣ ይሰበራሉ።

ቀለም፦ እስፕሬይ፣ በአኳራጅ የሚቀጥን ቀለም፣ አሴቶን፣ ሁሉም ክልክል ናቸው። ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ወደ ቀለሙ ይወጣና ቀለሙ ወር ቢቆይም ጣት ላይ ይጣበቃል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) በብሩሽ፣ ሁለት ስስ ዙር፣ በመካከል አንድ ቀን። ከመሠረቱ ቀለም በኋላ አንድ እጅ ጥቁር ቡናማ ለአሥር እጅ ውሃ፣ ከአንድ ጠብታ ላርጎ ጋር፤ ላርጎው ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ እንዳይቆምና ቆዳው ስንጥቅ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል። ጉብ ጉብ ካለው ላይ ትርፉን በሶፍት አንሱ።

ሲቀመጡም ጋዜጣ ውስጥ አትጠቅልሏቸው፣ ፊደሉ ሆዳቸው ላይ ይታተማል። ነጭ ፎም ላይም አታቁሟቸው፤ ያ ማለስለሻ ፎሙን ያቀልጠዋል፣ እግሩም አብሮ ይጣበቃል።

ቀጣዩ ሲቫቴሪየም ነው፣ ትከሻው 2.2 ሜትር፣ በ1:20 11 ሴንቲሜትር። የቀጭኔ ወገን ቢሆንም መነሻው የኮርማ አሻንጉሊት ነው፣ አንገቱ አጭርና ወፍራም ስለነበር። አራት ቀንድ አለው፤ ከዓይን በላይ ሁለት ትንንሽ፣ ከኋላ ሁለት ሰፋፊ። የኋላዎቹ ሽቦ መጀመሪያ ይተከላል፣ የኮርማው ጆሮ ከዚያ በኋላ ወደ ታች ዝቅ ይላል።