ሰርቪስ ላይ አልቀመጥ የሚል ልጅ፦ መጀመሪያ እግሩን እዩ

ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ከአባይ ማዶ ልጆች ይዞ ወደ መሀል ከተማ የሚሻገር የኬጂ ሰርቪስ ድልድዩ ላይ ሲደርስ አንዱ «ጉማሬ!» ካለ አበቃ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀር የለም። ረዳቷ «ተቀመጡ!» ትላለች፣ ይቀመጣሉ። ደቂቃ ሳይሞላ ግን አንዱ መልሶ ቆሟል፤ ትናንትም የቆመው እሱ ነው። ወላጅ ሲጠየቅ «ቅብጥብጥ ነው፣ ምን ላድርገው» ይላል።

ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት እግሩን እዩ። የሚኒባስ ወንበር የተሠራው በአዋቂ ልክ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ከተቀመጠ ጉልበቱ የወንበሩ ጠርዝ ላይ አይደርስም፤ እግሩ ወደ ፊት ተገትሮ ይቀራል። ጉልበቱን ለማጠፍ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያኔ እግሩ ይንጠለጠላል፣ የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ይጫነዋል፣ እግሩን ይደነዝዘዋል። ስለዚህ ይነሳል። በተንሸራተተ ቁጥር ደግሞ ቀበቶው ከጭኑ ወጥቶ ሆዱ ላይ ያርፋል፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ነገር ለኩ፦ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ከጀርባው እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ፣ እና የሰርቪሱን ወንበር ከመደገፊያው እስከ ጠርዙ። ጉልበቱ ጠርዙን ካለፈና የጎደለው የእግር ማሳረፊያ ብቻ ከሆነ፣ የራሱን ቦርሳ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ ከእግሩ ሥር አድርጉለት። ምሳ ዕቃውና ኮዳው ከታች፣ ደብተሩ ከላይ ይሁን፤ ማንገቻው ወደ ውስጥ ይጠቅለል፣ አለዚያ ሲወርድ እግሩን ይጠልፈዋል። ቦርሳ በጀርባ አዝሎ መቀመጥ ግን አይሆንም፤ ልጁን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ቀበቶውንም ያላላዋል።

ጉልበቱ ጠርዙ ላይ የማይደርስ ከሆነ የሚሻለው የራሱ ማሰሪያ ያለው የልጆች መቀመጫ ነው። በወገብ ቀበቶ ብቻ የሚታሰሩ ዓይነቶች አሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ። ከፍ አድርጎ ብቻ የሚያስቀምጠው ቡስተር ግን ትከሻ ላይ የሚያልፍ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ይፈልጋል። በወገብ ቀበቶ ብቻ ከተጠቀማችሁበት የልጁን ደረት የሚይዝ ነገር አይኖርም። ትራስ ወይም ጋቢ አጥፎ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፤ ፍሬን ሲያዝ ይጨፈለቅና ልጁ ከቀበቶው ሥር ሾልኮ ይወጣል።

«እኔ አቅፌው እሄዳለሁ» የምትል ረዳት ከልቧ ነው የምትለው። ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢቆም፣ 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ180 ኪሎ በላይ ክብደት ሆኖ ከእጇ ይወጣል። ያልታሰረ ልጅ በዚያ ፍጥነት ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ጋር መላተሙ ከ6 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው።

በነጠላ ወይም በመቀነት ከወንበሩ ጋር ማሰርንም እባካችሁ ተዉ። ቋጠሮው ሆድ ላይ ያርፋል። ግጭት ሲመጣ ጉዳቱ አንጀትና ጉበት ላይ ነው፤ ጭስ ወይም ውኃ ውስጥ ደግሞ የጠበቀ ቋጠሮ በጣት አይፈታም። ሁለት ልጅ በአንድ ቀበቶ ማሰርም እንደዚሁ ነው፤ ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል።

ቀበቶው ዝቅ ብሎ የጭኑ መነሻ ላይ፣ አጥንቱ ላይ ይረፍ። «ቀጭ» ሲል ካልሰማችሁ አልተቆለፈም፤ ከቆለፋችሁም በኋላ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ብዙ ሰርቪሶች ላይ ቀበቶው አለ፣ ግን ወንበሩ ልባስ ሲቀየርለት ከሥር ተቀብሮ ቀርቷል፤ በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ሹፌሩን «ጋሼ፣ ቀበቶዎቹን እስኪ አውጣልን» ማለት ነውር የለውም። እስከ ጫፉ ስባችሁ ጠርዙ የተበላ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። መቆለፊያው አልገባም ካለ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የብስኩት ፍርፋሪ ወይም ከረሜላ ነው፤ ዘቅዝቃችሁ አራግፉት እንጂ ዘይት አታድርጉበት፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ጨርቁ ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በረኪና ክሩን ያዳክመዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ የዋለ የብረት መቆለፊያ ደግሞ ያቃጥላል፤ መጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት። አንድ ቀን የተቃጠለ ልጅ ለሳምንት ቀበቶ አልታሰርም ይላል፣ አይፈረድበትም።

ቦታውን በተመለከተ፦ ከሹፌሩ አጠገብ አይሁን፣ በር ጋም አይሁን፣ መተላለፊያው ላይ በሚዘረጋው ተጣጣፊ ወንበርም አይሁን። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ረድፍ በመስኮቱ በኩል፣ ከተንሸራታቹ በር ማዶ፣ ይሻላል። የመጨረሻው ወንበር በየፍጥነት መቀነሻው ስለሚያነጥር ቅብጥብጡን ይብሰዋል፣ የሚያቅለሸልሸውን ያስመልሰዋል። ቦታው በየቀኑ አይቀያየር፤ ጎረቤቱም ያው ልጅ ይሁን። በተለይ ጫጫታ ለሚከብዳቸው ልጆች ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚያ ንግግሩ። «አትነሳ» የሚለው ቃል ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «ጀርባህ ከወንበሩ፣ ቀበቶህ ከጭንህ፣ እግርህ ከቦርሳህ» በሉት፤ ቤት ውስጥ ወንበር ደርድራችሁ እየተጫወታችሁ አለማምዱት፣ በሦስት አራት ቀን ራሱ ይለዋል። መንገዱን ደግሞ ቆራርጡለት። ሃያ አምስት ደቂቃ ለአምስት ዓመት ልጅ ማለቂያ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ግን 380 ሜትር ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በ34 ሰከንድ ያልቃል። «ድልድዩን ጀርባችንን ሳናነሳ እንሻገር፤ ጉማሬ ያየ በጣቱ ያሳይ» ማለት ይቻላል። ከዚያ እስከሚቀጥለው አደባባይ መዝሙር፣ ከዚያ ዘንባባ መቁጠር። እጁ ሥራ ካገኘ መቆለፊያውን መነካካት ይረሳል። ለስላሳ ነገር ስጡት፤ እርሳስ፣ ባለ እንጨት ከረሜላና ቆሎ ግን መኪናው እየሄደ አይያዝ።

ከቤት ሳይወጣ ሽንቱን ይሽና። ቁርሱ ቀለል ያለ ሆኖ ከመሳፈሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ይበል።

ባጃጅ ላይ ቀበቶ ስለሌለ ከላይ ያለው አብዛኛው አይሠራም። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ትንሹ ልጅ መሀል ይቀመጥ፣ ከሦስት በላይ አይጫን፣ ከሹፌሩ ጎን ማንም አይቀመጥ።

ሲወርዱ ረዳቷ ቀድማ ትውረድና ልጆቹን እየቆጠረች ትቀበል፤ ልጅ ከመኪናው ፊት ለፊት ወይም ከኋላ ሦስት ሜትር ውስጥ እያለ ሹፌሩ አይነሳ። ከዚያ ሹፌሩ ራሱ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ከወንበር ሥር ይይ። መንገዱን ሙሉ ሲነሳ ሲቀመጥ የመጣው ልጅ ደክሞት ወለሉ ላይ የሚተኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ ሚኒባስ ደግሞ ውስጡ ለመጋል ደቂቃዎች ይበቁታል።